ድምፀ ተዓቅቦ

መምህሯ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ በኩል «የቡድን ጉዞ በአውቶብስ»፣ በሌላው በኩል «የግል አስጎብኚ» ብለው ጻፉና ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። የጂኦግራፊ ክበብ አባላት አሥራ አራት ናቸው። አሥራ ሦስቱ ሰሌዳውን ትተው በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ማየት ጀመሩ።

ለምን እንደሚያዩዋት ገብቷታል። «የግል አስጎብኚ» የተባለው አባቷ ነው።

«እንግዲህ ምርጫው ይኸው ነው፤» አሉ መምህሯ የእጃቸውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፉ። «አውቶብሱ ርካሽ ነው። ከሌሎች ሠላሳ ሰዎች ጋር ትሄዳላችሁ፤ ሸለቆውን ከላይ ከአጥሩ ሆናችሁ ታያላችሁ፤ አርባ ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ምሳችሁን በልታችሁ ትመለሳላችሁ። የግሉ ዋጋው ወደድ ይላል። ግን ሚኒባሱም ጊዜውም የእናንተ ብቻ ነው። አስጎብኚው እስከ ሸለቆው ወለል ድረስ በእግር ያወርዷችኋል።»

«አርባ ደቂቃ ምን አላት? ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው፤» አለች ቀጮ። ቀጮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የልጅቷ ጓደኛ ናት። «አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ገደል ማየት ካማረኝ የእነ አክስቴ ፎቅ ይበቃኛል። ደግሞ አስጎብኚው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ካርታው ነው።»

ክፍሉ በሹክሹክታ ተሞላ። ካርታውን የማያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዶችን ወደ ሸለቆው ሲያወርድ አንድም ቀን ወረቀት ይዞ አያውቅም። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

«እኔ አውቶብሱ ይሻላል ባይ ነኝ፤» አለ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ልጅ። በሁሉም ነገር ስለሚከራከር ዳኛው ይሉታል። «የግሉ ከሆነ እቤት ገብቼ ለገንዘቡ ሁለት ሳምንት ማልቀስ አለብኝ። የአውቶብሱ ግን የአንድ ቀን ለቅሶ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። መምህሯም ፈገግ አሉ።

«ሐሙስ በድምፅ እንወስናለን። አንቺ ደግሞ አባትሽን ሐሙስ መጥተው እንዲያስረዱን ንገሪያቸው። የምትሄዱበትን መንገድ በወረቀት ቢስሉልን ከፈቃድ ደብዳቤው ጋር አያይዘዋለሁ።»

«እሺ ቲቸር፤» አለች።

እንዲህ ያለ ወሬ ከሁለት ወር በፊት ቢመጣ ኖሮ በደስታ ወንበሯ አይበቃትም ነበር። አሁን ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረው ቅዳሜ ፊቷ ላይ ተደቅኗል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቷን የውሃ ሻንጣ ተሸክማ አብራው ትወርዳለች። የዚያን ቀን እንግዶቹ ባልና ሚስት ነበሩ። ደረቁ ወንዝ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ አባቷ ቆመ። እዚያ ቆሞ አያውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፈው ቦታ ነው። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከዚያም ሄደውበት በማያውቁት በኩል ገባ።

«አባዬ፣ በዚያ አይደለም እንዴ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ተይ፣ አውቃለሁ።»

ሁለት ሰዓት ዞሩ። ውሃው አለቀ። መንገዱ ከእግር ሥር በሚንሸራተት ጠጠር አልቆ ገደል አፋፍ ላይ ጣላቸው። ሴትዮዋ ተንሸራትታ ጉልበቷ ተላጠ። ባሏ ባይዛት ኖሮ የሚሆነውን ልጅቷ ማሰብ አልፈለገችም። አባቷ እየሳቀ «ሰው የማያየውን ላሳያችሁ ብዬ ነው» አላቸው። እነሱም አመኑት፤ እንዲያውም አመሰገኑት። በሸለቆው መግቢያ ያለውን የጥበቃ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ አይታ መንገዱን ያገኘችው እሷ ናት።

በሚኒባሱ ሲመለሱ አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ከየት ነው ያመጣናቸው?»

ከሆቴላቸው በር ላይ ጠዋት የተቀበላቸው ራሱ ነበር። የሆቴሉን ስም ነገረችው። አንገቱን ነቀነቀ። ሊወርዱ ሲሉ ነው እንደገና የተናገረው።

«ለእናትሽ አትንገሪያት። ድካም ነው።»

አልነገረቻትም። ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኗ ከአባቷ ላይ አልነሳ አለ። አንድ ምሽት ዳቦ ገዝቶ ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጥቶ ሌላ ዳቦ ገዝቶ መጣ። እናቷ «ምነው፣ ዛሬ ዳቦ በነፃ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። አባቷም አብሮ ሳቀ። ልጅቷ ግን ሲስቅ ዓይኑ ሁለቱን ፌስታሎች እየቆጠረ እንደነበር አየች።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሆን ብላ አረዘመችው። ለአባቷ ባትነግረውስ? ለመምህሯ «አይመቸውም» ብትልስ? ይህን ስታወጣና ስታወርድ በሩ ላይ ደረሰች። በሩን ስትከፍት ግን አባቷን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የመንገድ ጫማውን ቀለም እየቀባ አገኘችው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ፤» አላት ፊቱ በርቶ። «ጓደኛሽ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ነግራናለች። አንቺ እስክትመጪ ወሬው ሸመገለ።»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የሳሎኑ ግማሽ በስፌት መኪናውና በተቆረጠ ጨርቅ የተያዘ ነው። ፔዳሉን መርገጥ አቆመችና በመነጽሯ አናት በኩል አየቻት።

«አሥራ አራት ልጅ በአንዴ። አውቶብሶቹ ከመጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶ ያውቃል? ስልኩ እኮ ዝም ከማለቱ የተነሳ የተበላሸ መስሎኝ ከጎረቤት ደውዬ አይቼዋለሁ።»

«ገና አልተወሰነም እማዬ። አውቶብሱ ይሻላል የሚሉም አሉ።»

«እነማን ናቸው? አንቺ ራስሽ እንዳትሆኚ ብቻ።» እናቷ በቀልድ ነበር ያለችው። ልጅቷ ቦርሳዋን ለማስቀመጥ ብላ ፊቷን አዞረች።

አባቷ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ እናቷ አጠገብ ሄዳ ቆመች። የወደቁትን አዝራሮች እየለቀመች ወደ አዝራር ማስቀመጫው ጣሳ ከተተች።

«እማዬ፣ አባዬ...»

«አየሽው አይደል?» አለች እናቷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ እኮ ሰው የጠፋበት ነበር የሚመስለው። ሥራ ለወንድ ልጅ መድኃኒት ነው።» ቀና አለች። «ምን ልትዪ ነበር?»

«ምንም። ሸሚዙን እኔ እተኩሰዋለሁ ልል ነው።»

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አባቷ ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ወረቀት ዘርግቶ ጠበቃት። መኪናው የሚቆምበትን ሣለ። የጥበቃውን ቤት ሣለ። የመጀመሪያውን ቁልቁለት፣ ትልቁን ቋጥኝ፣ ደረቁን ወንዝ ሣለ። መስመሩ ወንዙ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ።

የቤት ሥራዋን የምትሠራ መስላ ከጎን አየችው። እርሳሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ውሃ ሊጠጣ ተነሳ፤ ጠጥቶ ተመለሰ። ላጲስ ፈለገ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው።

«አንቺ ጨርሺው። የኔ እጅ ለትምህርት ቤት አይሆንም፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል።»

«አንተ እኮ ቆንጆ ትስላለህ አባዬ።»

«ጨርሺው አልኩሽ።»

ጨረሰችው። ከወንዙ መለያያ ጀምሮ እስከ ሸለቆው ወለል ድረስ ያለውን ሁሉ፣ ምንጩን፣ ዋሻውን፣ ማረፊያውን ጥላ ሣለችው። አባቷ ከትከሻዋ በላይ ቆሞ እያንዳንዱን መስመር እንደ አዲስ ነገር ይመለከት ነበር። እርሳሱ ሲንቀሳቀስ እሷ ደግሞ በልቧ አንድ ነገር ትደጋግማለች። ይህን ወረቀት የሚያዩ አሥራ አራት እናቶች መንገዱን የሣለው ካርታው መስሏቸው ይፈርማሉ።

ሐሙስ አባቷ በተተኮሰ ሸሚዝ መጣ። ክፍሉ ፊት ሲቆም ልጅቷ ለአፍታ የሆነውን ሁሉ ረሳችው። ስለ ሸለቆው ሲናገር እንደ ድሮው ነበር። ውሃ ድንጋይን እንዴት እንደሚበላ፣ ቀዩ ድንጋይ ከጥቁሩ በስንት ዘመን እንደሚበልጥ፣ በዋሻው አፍ ላይ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው የሚሰማው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ፣ አንዱንም ሳያዛንፍ ነገራቸው። ቀጮ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ዳኛው እንኳ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቷል።

«ጥያቄ አለኝ፤» አለ ዳኛው። «ከደረቁ ወንዝ እስከ ታች ስንት ደቂቃ ይወስዳል? በየትኛው በኩልስ ነው የምንወርደው?»

አባቷ ወረቀቱን አየ። ቆየ። ከልክ በላይ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኑን በኋላው ወንበር ላይ አሳረፈ።

እንግዳ አገር ላይ እናቱ የጠፋችበት ሕፃን ዓይን ነበር።

«በቀኝ ነው፤» አለች ሳታስበው። «አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።»

«ረዳቴ እንደነገረቻችሁ ነው፤» አለ አባቷ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሯም «እንኳን አብራዎት ሆነች» አሉ።

ለድምፁ ሲባል መምህሯ አባቷን በትሕትና ከክፍል አስወጡት። እሱም ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

«አውቶብስ የምትሉ?»

ዳኛው ብቻ እጁን አወጣ። ልጅቷ እጇን ልታነሳ ሞከረች። ከጠረጴዛው በታች አንድ ስንዝር ከፍ አለ፤ ከዚያ በላይ እምቢ አለ። በመስኮቱ በኩል የአባቷ ነጭ ሸሚዝ ይታያታል።

«የግል አስጎብኚ የምትሉ?»

አሥራ ሁለት እጆች ተነሱ። መምህሯ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ፤ ወደ ኋላ ተመለከቱ።

«አንድ ሰው ይጎድላል። አንቺስ?»

ልጅቷ ዓይኗን ከነጩ ሸሚዝ ላይ አልነቀለችም።

«ድምፀ ተዓቅቦ ነው፤» አለ ዳኛው። አንዳንዶች ሳቁ። ቀጮ አልሳቀችም።

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ ቀጮ በሩ ላይ ያዘቻት።

«ሙድ እየያዝሽ ነው? የገዛ አባትሽ እኮ ነው። ለሱ ስል ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዱን ልጅ እየለመንኩ ነው የከረምኩት። ዳኛውን እንኳ ላሳምነው ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

«ነገሩ እንደዚያ አይደለም።»

«እሺ እንዴት ነው? ንገሪኝ።»

ልጅቷ ጓደኛዋን አየቻት። ለቀጮ ያልነገረችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ይህ ግን የእሷ አልነበረም፤ የአባቷ ገመና ነው። ቀጮም ቦርሳዋን በትከሻዋ ወርውራ «ይመችሽ» ብላ ሄደች። «ይመችሽ» እንዲህ ክፉ ቃል ሆኖ ተሰምቷት አያውቅም።

አባቷ በግቢው መካከል ባለው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ኳስ እየመቱ ወደ በሩ ሄዱ።

«እጅሽን አላነሳሽም፤» አላት። ቁጣ አልነበረበትም።

«አሥራ አራት ልጆች ናቸው አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አንዷ ቀጮ ናት። ሜዳ ላይ እንኳ ትደናቀፋለች።»

ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። ልጅቷ ለሦስት ሳምንት ያስጨነቃትን ጥያቄ ጠየቀችው።

«ድካም አይደለም፣ አይደል?»

መልሱን ከመስጠቱ በፊት የሸሚዙን እጅጌ አጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው።

«ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ሆኜ የእናትሽን ስልክ ቁጥር እደግማለሁ። ከዚያ የቤታችንን ቁጥር። ከዚያ ያንቺን ዕድሜ። አንድ ቀን አሥራ ሁለት አልኩ። ትክክል መስሎኝ ተነስቼ ቁርሴን በላሁ።»

«አሥራ አምስት ነኝ።»

«አሁንማ አውቃለሁ።»

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ አባዬ። ነገ ዓርብ ነው፤ ከትምህርት በኋላ...»

«ሄጃለሁ። ያን ቅዳሜ ከተመለስን በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። እንክብል ሰጠኝ። ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም አለኝ።»

ልጅቷ ስለ እንክብሉ ብዙ ነገር መጠየቅ ፈለገች፤ ምን ያህል ያዘገየዋል፣ የት ነው ያስቀመጥከው፣ መዋጥህን ታስታውሳለህ? ዓይኗ ሲሞላ ጫማዋን አየች። የፈተና ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን አጥንታ ትመልሰው ነበር። ይህን ግን ማጥናት አይቻልም።

«አንድ ጉዞ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤» አለ አባቷ። «አንድ ደህና ጉዞ። ከዚያ በራሴ አፍ አቆምኩ ብዬ ለእናትሽ ልነግራት።» ዞር ብሎ አያት። «አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ ብትነግሪኝስ? በቀስታ፤ ልጆቹ ሳይሰሙ። መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ይህ ሐሳብ ሳምንቱን ሙሉ በእሷም ጭንቅላት ውስጥ ሲዞር ነበር። ከሱ አፍ ስትሰማው ግን ያ የሚንሸራተት ጠጠርና የሴትዮዋ ጩኸት መጣባት። እሺ ልትለው አልቻለችም። እምቢ ልትለውም አልቻለችም። አባቷ እሷን እንዲህ ለምኗት አያውቅም።

አባቷ አንገቱን ደፋ።

«ተይው። ምን እያልኩሽ ነው፣ ልጅ ላይ።»

ነፋሱ የግቢውን ወረቀት እየነዳ ወደ አጥሩ ወሰደው። ከግቢው ማዶ የመምህራን ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

«እኔ ገብቼ ልነግራቸው አልችልም፤» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞክሬ ነበር፤ ቅድም በረንዳው ላይ። አፌ እሺ አላለኝም። አንቺን ንገሪያቸው አልልሽም። አትንገሪያቸውም አልልሽም።»

ብትናገር እናቷ ዛሬውኑ ትሰማለች። ቤቱ ውስጥ የተጀመረው ሳቅ ያልቃል፤ ስልኩም ከዚህ በኋላ አይጮኽም። አባቷ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሁሉ በሌላ ዓይን የሚያየው ሰው ይሆናል። ባትናገር ደግሞ አሥራ አራት ልጆች ደረቁ ወንዝ ዳር ቆመው ካርታውን ይጠብቃሉ። ከሁለቱ አንዱም እሱን አያድነውም።

ተነሳች።

«እዚሁ ትጠብቀኛለህ?»

«የት እሄዳለሁ?» አለ።

እስከ መምህራን ክፍል ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው። ተቀምጧል። መምህሯ ጠረጴዛቸው ላይ አሥራ አራቱን የፈቃድ ደብዳቤዎች ደርድረው ማኅተም እየመቱ ነበር።

«አንቺ ነሽ? ግቢ። በሩን ዝጊው እስቲ፣ ነፋሱ ወረቀቱን አስቸገረኝ።»

«ይቅርታ ቲቸር፣ ክፍት ቢሆን ይሻላል።»

ወንበሩን ስባ፣ በሩና አግዳሚው ወደሚታዩበት አዙራ ተቀመጠች። ወረቀቶቹ እንዳይበሩ በእጇ ያዘችላቸው። አባቷ እዚያው ነው፤ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ የተዘጋውን የግቢ በር ያያል።

«ስለ ጉዞው ነው፤» አለች። «በአውቶብሱ ብንሄድ ይሻላል።»

መምህሯ ማኅተሙን አስቀመጡ።

«ድምፁ እኮ አልቋል፣ ልጄ። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከተች። ከዚያ መንገዱ ከጠፋበት ቅዳሜ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው፣ አባቷ የመንገድ አዋቂ ከነበረበት ዘመን ጀምራ መናገር ጀመረች።